የትኛው ይቅር?

የመጽሐፍ በጀት ሲቀነስ ድምፅ አያሰማም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምግብ በጀት ከተነካ ወሬው በዚያው ምሽት ካፌ በር ላይ ይሰማል። ውኃ ከጠፋ ጀሪካን ከዶርም ዶርም ይንኳኳል። ደመወዝ ሁለት ቀን ከዘገየ የመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ሌሊቱን አይተኛም። ላልተገዛ መጽሐፍ ግን ማን ይጮህለታል? መደርደሪያው ላይ ክፍት ቦታ እንኳ አይተውም፤ ድሮም አልነበረማ! ተማሪው ይፈልጋል፣ ያጣል፣ «የለም» ብሎ ይሄዳል። ያ መጽሐፍ ድሮም ያልታሰበ ይሁን ወይስ ዘንድሮ ከዝርዝር የተሰረዘ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እኔ የማውቀው ከሚሰርዙት መካከል ስለተቀመጥኩ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ላይ ጋይንት ነው፤ አሁን በክልላችን ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ታሪክ አስተምራለሁ። የትምህርት ክፍሌን ወክዬ የመጻሕፍት ግዥ ዝርዝር የሚቀንስ ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ ነበር። ሥራችን በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ የትኛው ይቅር? አማርኛ እዚህ ላይ ተንኮል አለው። «ቀረ» ስንል አንዳንዴ «ሳይመጣ ጠፋ» ማለታችን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ «ሌላው ሲሄድ እሱ ተረፈ» ማለታችን ነው። ኮሚቴው ስለ መጀመሪያው ሲያወራ እኔ ስለ ሁለተኛው ማሰብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ብዙ ተማሪ አያውቀውምና። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የሚፈልጋቸውን መጻሕፍት ዘርዝሮ ይልካል። ቤተ መጻሕፍቱ ያዋህደዋል። ከዚያ ከፋይናንስ ጣሪያው ይመጣል፤ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ከጣሪያው ይበልጣል። የተረፈው ወደ ጨረታ ይወጣል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልተጠቀምክበት ገንዘብ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ጨረታው ከዘገየ ሰኔ ላይ ጥድፊያ ነው፦ አቅራቢው መጋዘን ውስጥ ያለው ይገዛል። መምህሩ የጠየቀው አንድ፣ የመጣው ሌላ። በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል እንጂ የተሻለ እትም አያሸንፍም።

በዚህ ላይ ዶላሩ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን አብዛኞቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ማንም «የመጽሐፍ በጀት ቀንሱ» ብሎ ደብዳቤ ባይጽፍ እንኳ፣ በብር ቁጥሩ ያልተነካ በጀት በመጽሐፍ ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ቅነሳ ፊርማና ማኅተም የለውም። ተጠያቂም የለውም።

ኮሚቴው ውስጥ የመጀመሪያው ሐሳብ «ሁሉም እኩል ይቀነስ» የሚል ነበር። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ማንም አይጣላም። ግን የአንድ የሕክምና መጽሐፍ ዋጋ የአማርኛ ትምህርት ክፍልን የዓመት ጥያቄ ሊሸፍን ይችላል። ትልቁ ከብዙ ላይ ጥቂት ሲቀንስ ይተርፋል፤ አምስት መጽሐፍ የጠየቀው ትንሹ ክፍል ሲቀነስበት ምንም አይቀረውም። እኩል መቀነስ ማለት ትንንሾቹን ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሐሳብ «ማን ተበደረው?» የሚል ነው። ሳይነካ አቧራ የጠጣ ዘርፍ አዲስ መጽሐፍ አይገዛለት። ይህም ምክንያታዊ ነው፤ የትም ዓለም ያሉ ቤተ መጻሕፍት የሚያደርጉት ነው። ችግሩ፣ የብድር መዝገብ የሚቆጥረው ተማሪው ያገኘውን ብቻ ነው፤ ፈልጎ ያጣውን አይቆጥርም። ካታሎግ ውስጥ ያልገባ፣ ቁልፍ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መጽሐፍ ማን ይበደረዋል? «አንባቢ የለውም» የተባለው እኮ አንባቢው መኖሩን ስላላወቀ ነው።

ሦስተኛው «ሃያ ኮፒ የተጠየቀው አንድ ወይም ሁለት ይገዛና ከቤተ መጻሕፍቱ ሳይወጣ ለሰዓታት ይነበብ» የሚል ነው። ከሁሉም የተሻለው ይህ ነበር፣ ተስማማን። ስንወጣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንጋፋዋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እናንተ ዝርዝሩን ጨርሳችሁ ትሄዳላችሁ። ፈተና ሲደርስ ወረፋ ለያዘው ልጅ ‹አልደረሰህም› የምለው እኔ ነኝ።» መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው።

ያ ወረፋ የያዘው ልጅ ማን ነው? ከሁሉም ቦታ የመጣ ነው፣ ግን እኔ ስለማውቀው ልንገራችሁ። ከስማዳ ወገዳ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ከታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ከእኛው ነፋስ መውጫ የመጣ ልጅ ነው። ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች በምግብ ዋስትና ፕሮግራም ስማቸው የታወቀ ወረዳዎች ናቸው። ከዚያ የመጣ ተማሪ ላፕቶፕ ይዞ አይመጣም። ቤተ መጻሕፍቱ ለአዲስ አበባ ልጅ ከብዙ አማራጮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ልጅ ያለው እሱ ብቻ ነው። በጀት ሲቀነስ ለሁሉም እኩል አይቀነስም የምለው ለዚህ ነው።

አራተኛው ሐሳብ ከወጣት መምህራን መጣ፦ «ለምን እንጨነቃለን? ሁሉም ኦንላይን አለ።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ነው።

ሀብታሞቹም በዚህ ጉዳይ ተጨንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን አማካሪ ምክር ቤት ለመምህራኑ በጻፈው ማስታወሻ፣ ከአንዳንድ ትላልቅ አሳታሚዎች ለሚመጡ ጆርናሎች ዩኒቨርሲቲው በዓመት ወደ 3.75 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍልና በዚህ መቀጠል እንደማይቻል ገልጾ ነበር። ሃርቫርድ! እ.ኤ.አ. በ2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከኤልሰቪየር ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ፤ ወደ ስምምነት የተመለሱት በ2021 ነው። እነሱ ሲቆርጡ የነበራቸውን ነው የሚቆርጡት። እኛ የምንቆርጠው ገና ያልያዝነውን ነው።

ለእኛ ዓይነት አገሮች ሌላ በር ተከፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪን ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የግብርናው አጎራ ተከተለ። ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል ጥላ ሥር ናቸው፣ የኢትዮጵያ ተቋማትም በነፃ ከሚጠቀሙት ቡድን ውስጥ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ የእኛ አገር የጤና መምህር ዛሬ ማንበብ የሚችለውን ጆርናል አስተማሪዎቹ በሕልማቸውም አላዩትም። ብዙ ተማሪ መኖሩን አለማወቁ ያሳዝነኛል፤ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ ነገ ቤተ መጻሕፍታችሁ ሄዳችሁ የይለፍ ቃሉን ጠይቁ።

ግማሽ እውነት ያልኩት ግን እዚህ ላይ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት «ኦንላይን አለ» የሚለው ቃል ለብዙ ተማሪ ምንም ትርጉም አልነበረውም። ያነበብነው መደርደሪያ ላይ ያለውን፣ ፍላሽ ላይ የነበረውን፣ ከጓደኛ ስልክ በብሉቱዝ የተላለፈውን ነው። ዲጂታል ስብስብ በሰው እጅ ያለ ቁልፍ ነው፦ መብራቱ በአንዱ፣ መስመሩ በሌላው፣ ፈቃዱ በሦስተኛው እጅ ነው።

የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከመቅደላ የተወሰዱትን ብራናዎች አስቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሄዱ፤ እዚያ ላቆሙት መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ሲወድቅ ስብስቡ ተበተነ፣ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። አንድ ክብረ ነገሥት በዐፄ ዮሐንስ ጥያቄ ተመልሷል፤ የቀሩት ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን ፎቶ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የጋይንት ልጅ በስልኩ የአያቶቹን እጅ ጽሑፍ ሊያይ ነው። ጥቅምት 2016 ዓ.ም ላይ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመታ፤ የዲጂታል ብራናዎቹ ገጾች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። ብራናው ለንደን መደርደሪያ ላይ ደህና ነው። የተቋረጠው የእኛ መስኮት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ መልሱን ከሠለጠነው ዓለም መመሪያ በፊት የፈለግሁት ቤታችን አጠገብ ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች፤ የድጓ ሊቃውንት የሚመሰከሩባት ቦታ ናት። ዙር አምባ አለች፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት፣ በትውፊት ከቅዱስ ያሬድ ጋር ስሟ የሚነሣ ናት። ቅኔ የፈለገ ደግሞ ጎጃም ዋሸራ ይወርዳል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ቁራሽ ለምነው የሚያልፉትን የቆሎ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ ሕይወቱን ላሳምረው አልፈልግም። ብርድ አለው፣ ረኃብ አለው፣ ውሻ አለው።

ግን አሠራሩን ተመልከቱ። ሁሉም ጉባኤ ቤት ሁሉን ነገር ለመያዝ አልሞከረም። እያንዳንዱ አንድ ነገር ይዞ፣ ያንን ከማንም በላይ አጥብቆ ጠበቀ። ቤተልሔም የድጓውን አደራ ያዘች፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕቱን። የጎደለህን የት እንደምታገኘው ሁሉም ያውቃል። ደግሞ የድጓ ተማሪ ልማዱ የራሱን ድጓ በእጁ መጻፍ ነው፤ ሲወጣ አንድ መጽሐፍ ጨምሮ ይወጣል። ገንዘብ በሌለበት አገር ስብስብ ለዘመናት የቆየው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፦ በሥራ ክፍፍልና በመገልበጥ።

ዛሬ በዚህ ዙሪያ ስንት ዩኒቨርሲቲ አለ? ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ወልድያ፣ ወሎ፣ መቅደላ አምባ፣ ደብረ ማርቆስ። ሁሉም ያንኑ የመጀመሪያ ዓመት መማሪያ መጽሐፍ ለየብቻቸው ለመግዛት ለየብቻቸው ጨረታ ያወጣሉ። አንዱ ያለውን ሌላው አያውቅም። የደብረ ታቦሩ ተማሪ ባሕር ዳር ያለ መጽሐፍ ቢያስፈልገው መንገዱ ሚኒባስ ተሳፍሮ መሄድ ነው፤ እሱም የሚያስገባው ሰው ካወቀ። የአገራችን የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት አለ፤ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከኅብረት ስም ወደ ኅብረት መደርደሪያ የሚወስደው መንገድ ነው የጠበበው። የጋራ ካታሎግ ብቻ እንኳ ቢኖር፣ በጀት ሲቀነስ «ይህን ጎረቤት ይዞታል፣ እኛ ያንን እንያዝ» ማለት ይቻል ነበር።

ኮሚቴው ውስጥ እጄን ያነሣሁት ለዚህ ነበር። «ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ከእኛ ሌላ ማን አለው?» አልኩ። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሌላ ቦታ አሉ። ዛሬ ቢሰረዙ ገንዘብ ሲገኝ ይገዛሉ። ሌላ ቦታ የሌለው ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ፎቅ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት የተቀመጠው ነበር፤ የተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎች።

ክፍሏን ከእትዬ ጋር አየናት። ስለ ስማዳ የመሬት መከላት፣ ስለ እስቴ ገበያዎች፣ ስለ ጉና ተራራ ምንጮች፣ ስለ ታች ጋይንት ሠፈራ የተጻፉ አሉ። ሁሉም ድንቅ ናቸው አልልም። ብዙዎቹ ለውጤት ሲባል የተጻፉ ናቸው፣ የተገለበጠም አይጠፋቸውም። ነገር ግን አንዳንዱ ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ያሉት ቃል ተጽፏል። አንዱ የስማዳ ልጅ የገዛ ቀበሌውን አዛውንቶች ስለ ድርቅ ዘመን አነጋግሮ፣ ያሉትን እንደወረደ በአባሪ አስቀምጦታል። ይህን ቃል ሃርቫርድ በ3.75 ሚሊዮን ዶላር አይገዛውም፤ የሚሸጠው የለማ። ይህ ክፍል ደግሞ ለቢሮ ተፈልጎ «ይጽዳ» ተብሎ ነበር። ይጽዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ይህን ማን ያነባል?» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሴ፣ የሚቀጥለው የስማዳ ልጅ ያነበዋል የሚል ነበር። ስለ ወረዳው ሊጽፍ ሲነሣ ከዜሮ እንዳይጀምር። አሁን እየሆነ ያለው እኮ ያ ነው፦ በየዓመቱ አንድ ሰው ስለ አንድ ወረዳ መግቢያውን ይጽፋል፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ የሚጽፍ የለም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነበር። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ይጠይቃል። ፖሊሲው ስካነር አይገዛም፣ ካርቶን ተሸክሞ ደረጃ አይወጣም። ያንን ሰው ነው የሚሠራው።

የደረስንበት ትንሽ ነው። ክፍሏ ለጊዜው አልተለቀቀችም። ከተባዙ ኮፒዎች ላይ ከተቀነሰው ገንዘብ ጥቂቱ ለስካን ሥራ እንዲውል በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ ይሠራሉ፣ መብራት ሲኖር። ስለ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የተጻፉት እንዲቀድሙ ጠየቅሁ፤ አዎ፣ አገሬ ስለሆነ ነው፣ ግን ከዚህም በላይ ምክንያት አለኝ።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። በዚያ ጊዜ የሆነውን እዚህ አልዘረዝረውም፤ ሰው የሞተበትንና የተደፈረበትን ቀን ከመጽሐፍ ጋር አላወዳድርም። በዚያው ዓመት ማግስት ወልድያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈው፣ ተሰባብረው አየን። ኮምፒውተሩ፣ ወንበሩ፣ የላቦራቶሪው ዕቃ ቀስ በቀስ ይተካል፤ የመማሪያ መጽሐፉም በእርዳታ ይመጣል። አንድ ኮፒ ብቻ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ ከየት ይመጣል? እኛ አገር የሚጠፋው በበጀት ብቻ ስላልሆነ፣ በጀት ባለበት ቀን ልንገለብጠው የሚገባን ይኼ ነው።

እንግዲህ የመጽሐፍ ገንዘብ ይቀነስ ማለቴ አይደለም። ለወረፋው ልጅ አንድ ኮፒ አይበቃውም፣ በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ ሲመጣ ስለሱ እከራከራለሁ። ግን መቀነሱ ካልቀረ፣ ነገ የሚገዛው ዛሬ ይቅር፤ ነገ የማይገዛው ዛሬ ይቀመጥ። የትኛው ይቅር ለሚለው ጥያቄ ሁለቱን ትርጉም አስታርቄ የምመልሰው እንዲህ ነው።

አንባቢዬ ከሆናችሁ ምናልባት የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አሁን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ፣ «ፋይናል፣ ፋይናል ሁለት፣ የመጨረሻ» በሚል ስም ተኝቶ ይሆናል። ስለ ሠፈራችሁ፣ ስለ ወረዳችሁ፣ ስለ እናታችሁ ሙያ የጻፋችሁት ይሆናል። ጥሩ አይደለም ብላችሁ አትፈሩ። አንድ ቅጂ ለተማራችሁበት ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ አንድ ለሚቀጥለው ተማሪ ስጡ። ሦስት ፍላሽ ነው። የድጓ ተማሪ እኮ ሙሉ መጽሐፍ በእጁ ይጽፋል።